እድር ለሙት ብቻ ነውን?

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የሚነገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሚታይ ትጋት ነው። እኛም ስለ እድር ባሰብን ቍጥር ይህ ተረት ትዝ ይለናል። ጥሩንባው የሚነፋው፣ ድንኳኑ የሚተከለው፣ አግዳሚው የሚወጣው፣ ገንዘቡ የሚቈጠረው ሰውዬው ዐይኑን ከጨፈነ በኋላ ነው። ከመጨፈኑ በፊት በነበረው ረጅም ጊዜ፣ በተለይም በሽታው ስሙ የማይጠራ ዓይነት ከሆነ፣ ጎረቤቱ የት ነበር?

ይህን ስንል እድርን ለማቃለል አይደለም። እድር ድኻውንና ባለጸጋውን፣ ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድ ድንኳን ሥር ያስቀመጠ፣ ማንም ሳያዝዘው የራሱን ደንብ ጽፎ የራሱን ዳኛ የመረጠ ማኅበር ነው። ጥያቄአችን ይህን ያህል ኀይል ያለው ማኅበር ኀይሉን ለቀብር ብቻ ሊያውለው ይገባዋልን የሚል ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣን አንድ አብሮን የተማረ፣ ዛሬ በአንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወዳጃችን ነው። ቡና ስንጠጣ በምሬት ሲናገር «የኤች አይ ቪ ምርመራው በነጻ ነው፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው፤ ታዲያ ሰዉ ምን ይጠብቃል?» አለን። መልስ አልነበረንም። መልሱን ለመፈለግ ከአዲስ አበባ ሰፈሮች በአንዱ ወደሚገኝ እድር በአንዲት እሑድ ጧት ሄድን።

የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልለው ይይዙታል።

«አባባ፣ እድሩ ከተቋቋመ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ዓመቱን ከመዝገቡ ታገኘዋለህ፣ ልጄ» አሉን። «የሰውን ነገር ግን ከእኔ ስማ።»

ከዚያም ጨርቁን ፈትተው ከ1990 እስከ 1996 ዓ.ም. ያለውን ገጽ ገለጡልን። መዝገቡ ቀኑን፣ የሟቹን ስምና የተከፈለውን ገንዘብ ብቻ ይናገራል። ነገር ግን አባባ ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እያስኬዱ «ይህ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ይህች የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ይህ የእሷ ባል ነው» እያሉ ነገሩን። አንድ ቦታ ላይ ክፍያውን የተቀበለው ፊርማ የሕፃን ጽሕፈት ይመስላል። «አባትና እናቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሄዱ ታላቁ ልጅ እሱ ስለ ነበረ ፈረመ» አሉን። «በዚያ ዘመን ድንኳኑን አጥፈን ሳናደርቅ እንደ ገና እንተክለው ነበር። ሬሳ ሸኝተን ስንመለስም ‹ሳንባ ነው›፣ ‹ምች ነው› እንላለን። ስሙን የሚጠራ አልነበረም።»

የዚያን ዘመን ነገር ለማስታወስ ያህል፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በአገራችን መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት በ1978 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነበረ። በሽታውን አዳክመው የሚይዙት መድኃኒቶች በአንድነት ተደርበው መሰጠት የጀመሩት በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1996 ቢሆንም፣ ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ዋጋቸው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ስለ ነበረ ለእኛ ሰዎች እንደ ሰማይ የራቁ ነበሩ። በአውሮጳውያን 2001 አንድ የሕንድ ኩባንያ ያንኑ መድኃኒት በ350 ዶላር እሸጣለሁ ባለ ጊዜ የዓለም ገበያ ተናወጠ። በአገራችን መድኃኒቱ በመጀመሪያ በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ ኋላም ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ጀመረ።

እንግዲህ መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ክፉ ጊዜ ሕመምተኛውን ያጠበው፣ አጥሚቱን ያጠጣው፣ ከአልጋው ያገላበጠው ማን ነበር? ጎረቤት ነበር። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ጥቂት ወገኖች በአውሮጳውያን 1997 መቅድምን የመሰለ ማኅበር አቋቁመው ፊታቸውን ለሕዝብ ገለጡ። ተስፋ ጎህም ተከተለ። በአዲስ አበባም ልዩ ልዩ እድሮች ከአባሎቻቸው መካከል በጎ ፈቃደኞችን እየመረጡ ለቤት ለቤት እንክብካቤ አሠለጠኑ። አንዳንዶቹም መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው፣ ለቀብር ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ለታመመው አባል በሕይወት ሳለ እንዲሰጠው ወሰኑ። በኛ አስተያየት ይህ ውሳኔ በእድር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ነው። ሰው ሞቶ የሚያገኘውን ከፈን ኖሮ በሚበላው እንጀራ የለወጠ ውሳኔ ነውና።

በዚያ እሑድ ያገኘናቸው አንዲት እናት ከእነዚያ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል።

«እትዬ፣ አይፈሩም ነበር?» አልናቸው።

«እንዴት አልፈራ፣ ልጄ? ፈራሁ እንጂ!» አሉን። «በመጀመሪያው ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ ተመለስሁ። በማግሥቱ ግን ገባሁ። ሰውዬው የኔን ፊት ሲያይ አለቀሰ። ለካ ሰው ገብቶበት አያውቅም ነበር።»

መድኃኒቱ በመጣ ጊዜ የእትዬ ሥራ ተለወጠ እንጂ አላለቀም። ሰውዬውን ወደ ሆስፒታል ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው። የማታ ዜና በራዲዮ ሲጀመር ክኒኑን ውኃ ይዘው ያውጡት ነበር፤ ሰዓት አልነበረውምና ዜናው ሰዓቱ ሆነ። ይህ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም፤ እንዳይራባ ይከለክለዋል እንጂ። አንድ ቀን ተወስዶ ሌላ ቀን ቢታለፍ ቫይረሱ መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራል። ስለዚህ ሕክምናው የሐኪም ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚያቀብለው ሰውም ሥራ ነው።

በዚያው ዘመን ብዙ ወገኖች ፈውስ ፍለጋ እንጦጦን ወደ መሰሉ የጸበል ቦታዎች ይሄዱ ነበር። ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት መውሰድ የለበትም የሚል ወሬ በመካከላቸው ስለ ነበረ ጥቂት የማይባሉት መድኃኒቱን ጣሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህም የሚያስረዳን አንድ ነገር አለ። ሰው የሚያምነውን ሰው ቃል ይሰማል። ሐኪሙ ትክክለኛውን ነገር ቢናገርም፣ ትክክለኛው ነገር በሚታመን አንደበት ካልተነገረ በደጃፍ ይቀራል።

አሁን ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን ከተሞች ትልቅ የቤት ለቤት ጥናት ተደርጎ ነበር። ቫይረሱ በደማቸው ከተገኘው ጎልማሶች መካከል መያዛቸውን ያውቁ የነበሩት ከመቶ 79 ያህሉ ነበሩ። ከሚያውቁት መካከል ግን መድኃኒት የሚወስዱት ከመቶ 97፣ ከሚወስዱትም መካከል ቫይረሱ በደንብ የተገታላቸው ከመቶ 88 ያህል ሆኑ። እነዚህን ሦስት ቍጥሮች ቀስ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ሕዝባችን መድኃኒት አይጠላም፤ መታመሙን ያወቀ ሰው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን መድኃኒቱን ይወስዳል። ትልቁ ክፍተት ያለው በመጀመሪያው በር ላይ ነው፤ በምርመራው በር።

ምርመራው ራሱ ያስቸግራልን? አያስቸግርም። ከጣት ጫፍ ጥቂት ደም ተወስዶ በሃያ ደቂቃ ገደማ ውስጥ የመጀመሪያው ውጤት ይታወቃል፤ ቫይረሱ አለ የሚል ምልክት ቢታይ በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ይረጋገጣል። ሰው በቤቱ ሆኖ ከድዱ ላይ በሚወስደው እርጥበት ራሱን የሚመረምርበት መሣሪያም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮጳውያን 2016 ይህን ራስን የመመርመር ዘዴ አገሮች ሁሉ እንዲጠቀሙበት መክሯል። ታዲያ የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

መልሱን በራሳችን ላይ አየነው። ስለ ሌላው ከመጻፋችን በፊት ራሳችን እንመርመር ብለን ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄድን። ካርድ አውጥተን በአግዳሚው ላይ ተቀመጥን። በመስኮቱ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ዕድሜው ከኛ የሚበልጥ አይመስልም። ወረቀታችንን ከፍ አድርጎ ይዞ «የኤች አይ ቪው ተመርማሪ የት አለ?» ሲል ተጣራ። አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየን። አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ ምናልባት ስለ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ለኛ ግን በኛ ምክንያት መሰለን። እግራችን ወደ ውጭ ሊወስደን ቃጣው። ዩኒቨርሲቲ የጨረስን፣ መተላለፊያውንም መከላከያውንም በቃላችን የምናውቅ ሰዎች ይህን ያህል ካፈርን፣ በገበያ ቀን ከሩቅ መጥታ በዚያ መስኮት ፊት የምትቆም ሴት ምን ትሆናለች? ተመርምረን ወጣን። ውጤቱን እዚህ አንጽፍም፤ የማንም ሰው ውጤት የሌላው ወሬ እንዳይሆን ነው ነገሩ ሁሉ።

ያ ወጣት ክፉ ሰው አይደለም። ምናልባት በዚያ ቀን ከመቶ በላይ ካርድ አውጥቷል። ነገር ግን በአንድ ጩኸት ስንት ሰው ከበር እንደሚመልስ አልተገነዘበም። ሰዉ የሚጠብቀው መድኃኒት አይደለም፤ የሚጠብቀው ሳይዋረድ የሚገባበትን በር ነው። ወዳጃችን ይህን መልስ ይቀበለን።

በር የሚሠሩ ሰዎች በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አሉ። በኡጋንዳ ኖሪን ካሌባ ባላቸውን በዚህ በሽታ ባጡበት በአውሮጳውያን 1987 ከባልንጀሮቻቸው ጋር ታሶ የተባለውን የመረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ፤ ያን ጊዜ መድኃኒት ስላልነበረ የጀመሩት በማጽናናትና በመጠየቅ ነው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን አጠገብ በምትገኘው በካየሊቻ ከ2007 ጀምሮ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ታካሚዎች በየሁለት ወሩ እየተሰበሰቡ ክብደታቸውን ተመዝነው፣ ተወያይተው፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለያያሉ። በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ ደግሞ በ2008 የተጀመረው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የኛን ዕቍብ ይመስላል። ስድስት ታካሚዎች ቡድን ያቋቁማሉ፤ በየወሩ አንዱ በተራው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ራሱ እየታየ የስድስቱንም መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። እያንዳንዱ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። አንዱ ክኒኑን ቢያቋርጥም ከሐኪሙ አስቀድመው የሚያውቁት አምስቱ ናቸው።

በአገራችንም ሥራው አልቆመም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሕክምናው የተስማማው ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ወደ ሥራው የሚመለስበት ደንብ በአውሮጳውያን 2017 ተጀምሯል። መድኃኒቱን በኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በባልንጀራ ታካሚ አማካይነት በሰፈር ውስጥ የሚያገኙ ቡድኖችም አሉ። ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው እናቶች ነፍሰ ጡር የሆኑትን ሌሎች እናቶች ያበረታታሉ። ይህም ትልቅ ነገር ነው። ሕክምና ካልተደረገ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ነገር ከመቶ ከ15 እስከ 45 ሲደርስ፣ በደንብ ከተደረገ ግን ከመቶ 5 በታች ይወርዳል። በምርምር ተረጋግጦ የታወቀ ሌላም የምሥራች አለ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ በምርመራም ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እስከማይታይ ድረስ የተገታለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን ቃል በየድንኳኑ የሚያሰማ እድር ቢኖር ስንት ትዳር በጸና ነበር!

ነገር ግን የጎረቤትን መልካምነት ብቻ ጽፈን ብንተው አንባቢን ማታለል ይሆናል። ጎረቤት ይጠይቃል፤ ጎረቤት ያማልም። ብዙ ሰው ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሸሽቶ ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄደው የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ነው። አገልግሎቱን ወደ ሰፈር ማምጣት ምስጢሩን ወደ ሰፈር ማምጣት ከሆነ ጥቅሙ ለማን ነው? ይህንኑ ለእትዬ ነገርናቸው።

«እውነትህን ነው» አሉን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ። «እኔ ስንት ሰው አስታምሜአለሁ። ስንቱን እንደ ሆነ ልጆቼም አያውቁ። ሲጠይቁኝ ‹ቡና ልጠጣ ሄጄ ነው› እላለሁ። ምስጢር የማይችል ሰው ወደዚህ ሥራ አይግባ።»

ከዚህ የሚበልጥ ደንብ ማንም ጽሕፈት ቤት አይጽፍም። በሰፈር የሚሰጥ አገልግሎት ዋጋ የሚኖረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሰውዬው ሳይገደድ በራሱ ፈቃድ ይመርመር፤ የት እንደሚመረመር፣ በቤቱ ወይም በጤና ጣቢያ ወይም በሌላ ሰፈር፣ ምርጫው የራሱ ይሁን፤ ውጤቱም ከራሱ አንደበት በቀር ከማንም አፍ አይውጣ። የትዳር ጓደኛን ወይም የቅርብ ሰውን ለምርመራ መጥራትም ቢሆን በታካሚው ፈቃድ የሚሆን ነው። ከነዚህ አንዱ ከጐደለ እድሩ ሸንጎ ይሆናል እንጂ መጠጊያ አይሆንም።

ስለ ገንዘብም እናንሳ። ዛሬ በአገራችን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ስድስት መቶ ሺህ ያህል ናቸው። የመድኃኒታቸው ዋጋ ለብዙ ዘመን በብዛት የተሸፈነው በውጭ እርዳታ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለዘጠና ቀን ባገደ ጊዜ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሰፈር ለሰፈር ሠራተኞች በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። ኋላ ሕይወት አድን ለተባለው ሕክምና ልዩ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለብዙው የመከላከል ሥራ ግን ፈቃዱ አልደረሰም። የእድር መዋጮ መድኃኒት ሊገዛ አይችልም፤ ያን ማድረግ የመንግሥትና የዓለም ሕዝብ ግዴታ ነው። ውኃ የሚያቀብል እጅ፣ ደጃፍ የሚያንኳኳ ጎረቤት፣ አብሮ ወደ ሐኪም የሚሄድ ወዳጅ ግን በሌላ አገር ምክር ቤት ውሳኔ ሊታገድ አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የተባለው ለዚህ ነው።

እናንተ ተማሪዎችና በየጽሕፈት ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ነገር የሚመለከተው እናንተን ነው። እኛ የዛሬ ወጣቶች ያንን የመዝገብ ገጽ በዐይናችን አላየነውም፤ የተወለድነው ወይም ነፍስ ያወቅነው ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ በሽታው ያለፈ ይመስለናል። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ከእኛው መካከል አንዱ ነው። ሪፖርቱን የሚጽፈውም፣ በጀቱን የሚያቅደውም ነገ ከኛ መካከል ይሆናል። ሪፖርት ስንጽፍ የተመረመረውን ሰው ብቻ ሳይሆን ከበር የተመለሰውንም እናስብ። ስም ስንጠራ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። የሰፈራችን እድር ሲሰበሰብም «ወጣት ለቀብር እንጂ ለስብሰባ አይፈለግም» ብለን አንቅር፤ ገብተን የታመመን አባል የሚረዳ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ።

ልንሰናበት ስንነሣ በግቢው ውስጥ አንድ ጎልማሳ የድንኳን ምሰሶ በትከሻው ይዞ አለፈ። በማግሥቱ ቀብር ስለ ነበረ ዕቃ ያወጡ ነበር። እትዬ ሰላም አሉት፤ እሱም ጐንበስ ብሎ አጸፋውን መለሰ። ማን እንደ ሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። አባባ ግን መዝገቡን በጨርቁ መልሰው እየጠቀለሉ እንዲህ አሉ፤

«ልጄ፣ በዚህ መዝገብ ውስጥ ሊጻፉ ተዘጋጅተው ሳይጻፉ የቀሩ ሰዎች አሉ። ወርኀዊ መዋጯቸውን ይከፍላሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ። እኔ የምደሰተው በነሱ ነው።»